ማሪዮን ከየትኛው እንጀምር?

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የብሎካችን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴን ይሞሉታል። የኒንቴንዶን የቪዲዮ ጌም ማሪዮን ሊጫወቱ ነው፤ «ጋሼ፣ የትኛው ማሪዮ ይበልጣል?» ይሉኛል። ለእኔ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1988 በጃፓን የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 3» ነው። ጀማሪ ግን በእርሱ አይጀምር።

መጀመሪያ የ1985ቱን «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ያዙ። በአውራ ጣታችሁ ጫፍ የመሮጫውን ቁልፍ ሳትለቁ፣ በዚያው ጣት መገጣጠሚያ መዝለያውን ተጫኑ። ይህን እጃችሁ ሳይለምደው ወደ ሌላ አትለፉ።

ከዚያ «ብራዘርስ 3»! በሩጫ በስክሪኑ ግርጌ ያለው የቀስቶች መስመር ሲሞላ፣ የራኩን ጅራት ያለው ማሪዮ ይበርራል። ጨዋታው «ዓለም» በሚባሉ ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ በመጀመሪያው ዓለም ምሽግ፣ ከመጨረሻው በር በፊት ሽቅብ በርራችሁ በጣሪያው ላይ ወደ ቀኝ ሂዱ፤ ጥጉ ላይ የመቆጣጠሪያውን የላይ ቀስት ስትጫኑ ወደ ሌላ ዓለም የሚያሻግር ዋሽንት ታገኛላችሁ። እኔ ያገኘሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነበር፤ ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሁለተኛ ደረጃ የምሰጠው ማሪዮ የሚጋልበውን ዳይኖሰር ዮሺን ላመጣልን ለ1990ው «ሱፐር ማሪዮ ወርልድ» ነው። «ሱፐር ማሪዮ 64» ሦስተኛ ነው፤ 120 ኮከቦቹን እወዳለሁ፣ ካሜራው ግን ያስቸግራል።

በጥንቱ ካሴት «ብራዘርስ 3» የደረሳችሁበትን አያስቀምጥም፤ ወርልድ ግን ያስቀምጣል። መብራት በሚቆራረጥበት ምሽት ወርልድን ክፈቱ።