ርካሽ ባለ አምስት ክር አኩስቲክ ባስ፦ ወፍራሙ ክር ሲጠፋ

ለጥገና የሚመጡልኝ ባለ አምስት ክር አኩስቲክ ኤሌክትሪክ ባሶች አብዛኞቹ በሽታቸው አንድ ነው። አምፕ ላይ ሲሰኩ አራቱ ክሮች ደህና ይናገራሉ። ወፍራሙ ቢ ክር ግን የለም። ቢኖርም ጎረቤት ቤት የሚጫወት ነው የሚመስለው። ባለቤቱ ደግሞ ፍርዱን ጨርሶ ነው የሚመጣው፦ «ወንድሜ፣ ፒካፑ ሞቷል፤ ቀይርልኝ።» ብዙውን ጊዜ ፒካፑ፣ ማለትም የክሩን እርግብግቢት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ዕቃ፣ አልሞተም።

ባለ አምስቱን ለምን እንደምትፈልጉት ይገባኛል። የባለ አራቱ የመጨረሻ ታች ኢ ነው፣ 41 ሃርትዝ ገደማ። ዘማሪው ኢ ፍላት ወይም ዲ ላይ ካስነሳ፣ ወይም ባንዱ ውስጥ ሳክስፎን ካለ፣ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ያልቃል። አምስተኛው ክር እስከ 31 ሃርትዝ ያወርዳችኋል። ችግሩ ርካሽ ባስ የሚሠሩ ሰዎች ገንዘብ የሚቆጥቡት በትክክል ይህ ክር የሚፈልገው ቦታ ላይ መሆኑ ነው።

መቃኘት፣ ክር መቀየር፣ ቮልዩም መክፈት ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው።

ጭራሽ ድምፅ የለም

ዘጠኝ ቮልቷን ድንጋይ ለኩ። ከ7 ቮልት በታች ከወረደች ጣሏት። ቀጥሎ ገመዱን እዩ። እነዚህ ባሶች ፕሪአምፓቸው፣ ማለትም ውስጣቸው ያለው ትንሽ ማጉያ፣ የሚበራው ጃኩ ሲሰካ ነው፤ ለዚያ የሚሠራው ደግሞ ጫፉ ላይ አንድ ጥቁር ቀለበት ያለው ተራ የጊታር ገመድ ነው። ሁለት ቀለበት ያለው ስቴሪዮ ገመድ ከሰካችሁ ላይበራ ይችላል። አንድ ሰው ባሱን ተሸክሞ ከተማ አቋርጦ መጥቶ ገመድ ቀይሬ የሸኘሁበት ጊዜ አለ።

«ድንጋይ ይበላል» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ባሱን ከመክፈቴ በፊት የምጠይቀው አንድ ነው፦ ልምምድ ስትጨርስ ገመዱን ትነቅላለህ? ዝም ይላል። ጃኩ ተሰክቶ ካደረ ፕሪአምፑም ሲሠራ ነው ያደረው። ንቀሉት!

ሌላው የጃኩ ነት ነው። ሲላላ ከውጭ ብቻ ይዛችሁ አታጥብቁት። ውስጥ ያለው አብሮ ይዞርና ሽቦዎቹ ተጠማዘው ይበጠሳሉ። ከውስጥ ይዛችሁ፣ ከውጭ አጥብቁ።

ክሩን ስትነኩ ይነዝራል

ወዲያው አቁሙ። ይህ የባስ ጥገና አይደለም፣ የኤሌክትሪክ ነው። መሬት ያልተቀበረለት ሶኬት ወይም የአምፑ መሬት የተቆረጠበት ማከፋፈያ ነው። በተለይ አንድ እጅ ክሩ ላይ፣ ከንፈር ማይኩ ላይ ሆኖ። «ትንሽ ነው የሚነዝረው» ብሎ መጫወት የለም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጠራ።

ቢ ክሩ አምፕ ላይ ጠፋ

አሁን ወደ ዋናው።

ሳድል የምንለው ክሮቹ ብሪጁ ላይ፣ ማለትም የባሱ ሆድ ላይ በተጣበቀው እንጨት ላይ፣ የሚያርፉበት ነጭ ዘንግ ነው። ከሥሩ፣ ጠባብ ቦይ ውስጥ፣ ፒኤዞ ፒካፑ ተኝቷል። ፒኤዞ እንደ ኤሌክትሪክ ባስ ፒካፕ በማግኔት አይሠራም። የሚሠራው በጫና ነው። ክሩ ሲርገበገብ ሳድሉን ይጫናል፣ ሳድሉ ፒካፑን ይጫናል፣ ፒካፑ ጫናውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ስለዚህ ሳድሉ አንድ ቦታ ላይ ፒካፑን በደንብ ካልነካ፣ እዚያ ቦታ ያለው ክር ዲዳ ይሆናል። ያው ነው ነገሩ። ፒካፑን አሥር ጊዜ ብትቀይሩ ወለሉ ጠማማ እስከሆነ ድረስ አይድንም።

ከመፍታታችሁ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ። አምፑን ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱና በእርሳስ ጀርባ ሳድሉን ከየክሩ አጠገብ ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። ኳኳታው ቢ ጋ ሲደርስ ከደከመ ጥፋቱ ከሳድሉ ሥር ነው። እኩል ከሆነ ግን ክሩን ጠርጥሩ። ሁለተኛው፦ ቢ ክር ከሳድሉ ወርዶ ወደ ፒኑ የሚገባበትን በአውራ ጣት ወደ ታች ተጭናችሁ ክሩን ምቱ። ድምፁ ድንገት ከጨመረ ክሩ ሳድሉን በበቂ አይጫነውም ማለት ነው። ቢ ክር ብዙ ጊዜ 0.130 ኢንች ውፍረት አለው። በቀላሉ አይታጠፍም። ብሪጁ ለስድስት ክር ጊታር የታሰበ ከሆነ ክሩ ሳድሉ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚያልፈው።

ጥፋቱ ከሳድሉ ሥር ከሆነ ሥራው እንዲህ ነው።

ክሮቹን አላሉና አውጡ። ሳድሉ በየት በኩል እንደነበር በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ተገልብጦ ከገባ ቅኝቱ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ይበላሻል። በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡት። አታወዛውዙት። አልወጣም ካለ አንድ ሰው በሱፐር ግሉ አጣብቆታል ማለት ነው፣ እሱን ሰው ባገኘው አንድ ነገር እነግረው ነበር። ሳድል አይጣበቅም! ፒካፑንም አብሮ ነው የሚገድለው።

ከወጣ በኋላ ሥሩን ተመልከቱ። ባዶ ቦይ ያለው ፕላስቲክ ከሆነ አትድከሙበት፣ ጣሉት። እንደዚህ ያለ ሳድል ፋብሪካው ሁለት ሳንቲም ለመቆጠብ ያስገባው ነው። ድፍን ከሆነ የብርጭቆ ወረቀት፣ 220 ቁጥር፣ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንጥፉ። የሳድሉን ሥር በእርሳስ አጥቁሩት። ከዚያ ቀጥ ካለ የእንጨት ቁራጭ ጋር አስደግፋችሁ፣ ሳይጋደል፣ ወደ አንድ አቅጣጫ እየጎተታችሁ ፈግፍጉ። እርሳሱ የቀረበት ቦታ ጎድጓዳው ነው። ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ጥቁሩ የሚቀረው በቢ ጫፍ ወይም በቀጭኑ ክር በጂ ጫፍ ነው። እርሳሱ በሙሉ ሲጠፋ በ400 ቁጥር ጨርሱ።

ሥራውን እዚህ ላይ የሚያቆሙ አሉ። ግማሹ ነው የተሠራው። ቦዩንም እዩ። የመዘምራን ቡድን ባስ መጥቶልኝ ነበር፤ ሌላ ቦታ ፒካፑ ተቀይሮ፣ አልሆን ብሎ እንደገና ተቀይሮ። ፒካፑን ሳነሳው ከሥሩ ከፋብሪካ የቀረ የደረቀ የሙጫ ጉብታ አገኘሁ። ሁለቱም አዲስ ፒካፖች ያንን ጉብታ ተንተርሰው ነው የተኙት። በጠፍጣፋ ቢላዋ ፋቅኩት፣ የመጀመሪያውን ፒካፕ መለስኩት፣ ሠራ። ሰዎቹ ከተደሰቱት ይልቅ ያወጡትን ገንዘብ አስበው ተናደዱ።

የፒካፑ ሽቦ የሚወርድበትን ቀዳዳም እዩ። አፉ ስለታም ከሆነ ፒካፑ እዚያ ጋ ይጎብጣል። ቀዳዳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሳድሉ ጫፍ ነው፤ ማለትም ቢ ወይም ጂ ሥር። አፉን በብርጭቆ ወረቀት ጥቅልል አለስልሱት።

ሳድሉ ሲመለስ በጣት ጫና ብቻ መግባት አለበት። መዶሻ ካስፈለገው ጎኖቹ ፒካፑን ሳይጫኑ ግድግዳው ላይ ተነክሰው ይቀራሉ፤ ጎኑን ትንሽ ፈግፍጉ። ወደ ፊት የሚያጋድል ከሆነ ደግሞ ቀጥኗል፣ ሌላ ይሠራለት። በመፈግፈጉ ቁመቱ ካነሰና ክሮቹ ፍሬቱን ከነኩ፣ ከቦዩ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ ቀጭን የእንጨት ልጥ ከፒካፑ *ሥር* አንጥፉ። ከላይ አይደለም።

ከቢ ሥር ብቻ ነገር መወሸቅ የሚወዱ አሉ። የክብሪት እንጨት አይቻለሁ። የታጠፈ ወረቀት አይቻለሁ። የሲም ካርድ ቁራጭም አይቻለሁ፣ ያውም በጥንቃቄ የተቆረጠ። ለጥቂት ቀን ይሠራል። ከዚያ ይጨፈለቅና ቢ እንደገና ይጠፋል፣ በዚህ ላይ ጎኑ ያለው ኢ ይደክማል።

ለአዲስ ሳድል የበሬ አጥንት የሚተካከለው የለም። ሥጋ ቤት ያላችሁ ወዳጅ የጭን አጥንት ይስጣችሁ። ሥጋና ቅባቱ እስኪለቅ ቀቅላችሁ፣ ለቀናት በጥላ አድርቁ። ስትቆርጡትና ስትፈገፍጉት አፍና አፍንጫ ሸፍኑ፤ ብናኙ ለሳንባ አይሆንም። ሽታውም አይወደድም፣ ቤት ውስጥ አትሥሩት።

ጥፋቱ ክሩ በበቂ አለመጫኑ ከሆነስ? የክሩን ጫፍ ኳስ እዩ። ከፒኑ አፍ ሥር ተንጠልጥሎ ከሆነ ወደ ላይ ስባችሁ ከውስጥ ያለው እንጨት ላይ አስቀምጡት። የክሩ ጫፍ ላይ የተጠመጠመው የጨርቅ ክር ሳድሉ ላይ ካረፈም ድምፁ ይታፈናል፤ ርዝመቱ ለዚህ ባስ አይሆንም። የብሪጁ ቀዳዳ ላይ ለክሩ ትንሽ ፈር ማውጣት ማዕዘኑን ያሻሽላል፣ ግን ልምድ ለሌለው እጅ አልመክርም። ክሩን ከሳድሉ ወርዶ ወደ ፒኑ በሚገባበት ጋ ቁልቁል በእጅ ተጭኖ ማጠፍ ግን ማንም ይችላል።

አንድ ነገር ግን የሚድን አይደለም። የስድስት ክር ጊታር ክሮች ሳድሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር 54 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋሉ። ባለ አምስት ባስ፣ ክሮቹ በ17 ሚሊ ሜትር ከተራራቁ፣ 68 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አንዳንዱ ርካሽ ባስ ውስጥ የጊታር ፒካፕ ነው የሚገባው፣ ስድስት ነጠላ ክሪስታል ያለው። ያኔ ቢም ጂም ከክሪስታሎቹ ውጭ በግራና በቀኝ 7 ሚሊ ሜትር ይቀራሉ። በመፈግፈግ አይመጣም። ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ የሆነ፣ እንደ ገመድ የተጠለፈ ፒካፕ ይግባለት። ፒካፕ መቀየር ትርጉም የሚኖረው እዚህ ጋ ነው።

ይንዛዛል

ክሩ ፍሬቱን እየነካ ዝዝ ሲል ማለቴ ነው። በጋ ላይ ከሆነ አየሩ ደርቆ እንጨቱ ሰብሰብ ብሏል። የፍሬቶቹ ጫፍ እጅ ከቧጨረ እርግጠኛ ሁኑ። ክረምት ላይ ደግሞ የፊት ሰሌዳው ያብጥና ክሩ ከፍ ይላል። አንገቱን ውስጡ ባለው የብረት ዘንግ፣ ትረስ ሮድ በሚባለው፣ በብሩጎላ ስታስተካክሉ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፉ፣ ከዚያ ቃኝታችሁ ጠብቁ። ከከበደ አታስገድዱት። የትረስ ሮዱ ነት ከዞረ ወይም ከተበጠሰ የባሱ ዋጋ አይመልሰውም። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ቢ ወደ 3 ሚሊ ሜትር፣ ጂ ከ2 ትንሽ ከፍ ቢል ደህና ነው። ቢን ከዚያ ካወረዳችሁት ይንዛዛል፣ ሌላ ሰበብ አትፈልጉ።

ብሪጁ ከኋላ ተነሣ

ወረቀት ከሥሩ ከገባ ክሮቹን ዛሬውኑ አላሉ። አምስቱ ክሮች ባንድ ላይ ከ80 ኪሎ በላይ ይስባሉ። ከላይ ሙጫ ማፍሰስ አይሆንም፤ ወልቆ፣ ተጠርጎ፣ በመቆንጠጫ ተይዞ ነው የሚጣበቀው።

መድረክ ላይ ይጮህበታል

ፕሪአምፑ ላይ ያለውን የፌዝ ቁልፍ፣ ማለትም የሞገዱን አቅጣጫ የሚገለብጠውን፣ ተጫኑ። ካልሆነ የድምፅ ቀዳዳውን በጎማ ክዳን ዝጉ። ከሞኒተሩም ፊት ለፊት አትቁሙ።

ሳይሰካ ቢ አይሰማም

ይሄ ብልሽት አይደለም። የ31 ሃርትዝ ሞገድ 11 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፤ የጊታር ሆድ የሚያክል ሳጥን ሊገፋው አይችልም። እንዲሁ ከክራር ጋር ቁጭ ብላችሁ ልትጫወቱበት ከሆነ አምስተኛው ክር ላይ ገንዘብ አታውጡ። በትንሿ የጊታር መለማመጃ አምፕም አትፍረዱበት። እሷም 31 ሃርትዝ አታወጣም፣ ብታስገድዷት ስፒከሯ ይቀደዳል።

ከመግዛታችሁ በፊት

አዲስ ዘጠኝ ቮልት ድንጋይና የራሳችሁን ተራ የጊታር ገመድ ይዛችሁ ሂዱ። የባስ አምፕ ላይ ሰክታችሁ ኢኩዋላይዘሩን መሐል ላይ አድርጉ፣ አምስቱንም ክር በእኩል ጉልበት ምቱ፣ ከዚያ ሳድሉን በእርሳስ አንኳኩ። የብሪጁን ጀርባ በወረቀት ፈትሹ። ሻጩ «አምፕ የለም፣ ግን ይሠራል» ካለ የሚሰካበት ቦታ ቀጠሮ ያዙ። ቴሌግራም ላይ የሚላክ ቪዲዮ በስልክ ድምፅ ስለሆነ ቢ ክርን በተመለከተ ምንም አይነግራችሁም፤ የስልክ ስፒከር እዚያ ድረስ አይወርድም። ሥሙ የሚታወቅ ዕቃ፣ ለምሳሌ ኢባኔዝ ኤኢቢ 105ኢ፣ ቢሆንም ፈትሹ። ያገለገለ ከሆነ ሳድሉ ምን እንደተደረገ አታውቁም።

ቢ ደክሞ፣ ብሪጁ ግን ተቀምጦ፣ አንገቱ ቀጥ ብሎ ካገኛችሁት አትሽሹ። የአጥንት ሳድልና የአንድ ወጥ ፒካፕ ዋጋ ጠይቁና ያንን ከተባላችሁት ዋጋ ላይ አስቀንሱ።