የእንግዶቹ ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ እንዳይቀር

የወንጌል ስርጭት ወይም ኮንፈረንስ ያለባችሁ ወገኖች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የአዲስ እንግዶች ክትትል ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያው ስም ሲመዘገብ ነው። ሰውዬው ተጸልዮለት እንባውን ሳይጠርግ ቅጽና እስክሪብቶ እንሰጠዋለን፣ መዝሙሩም ይጮኻል፣ ቁጥሩ ቢሳሳት ምን ይገርማል? ስለዚህ ቁጥሩን እንደተቀበላችሁ እዚያው ሚስኮል አድርጉለት። 09 ይሁን 07፣ አሥሩም አሃዝ ልክ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል፤ የእናንተም ቁጥር እሱ ጋ ይቀራል። ስሙን ከነሰፈሩ ሴቭ አድርጉት።

ከዚያ በማግስቱ ደውሉ፣ ቢዘገይ በሦስተኛው ቀን። እኛ ጋ አንዴ ቅጾቹ መሳቢያ ውስጥ ሁለት ሳምንት ቆዩ። ስደውል አንዲት እህት «የረሳችሁኝ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስትደውሉ «እሁድ ለምን ቀረህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «እናቴ ታማለች ብለኸኝ ነበር፣ ተሻላቸው?» በሉት። ለዚህ ነው የጸሎት ርዕሱን ቅጹ ጀርባ ላይ መጻፍ ያለባችሁ፣ በቃል ይዣለሁ ማለት አያዋጣም። ለሴት ሴት ትደውል። የሚመቸውን ሰዓትም አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ቤተሰብ ፊት ስለ ቸርች ማውራት የሚከብደው ብዙ ሰው አለ።

እሁድ ደግሞ «ና» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። በር ላይ ጠብቁት፣ አጠገባችሁ አስቀምጡት፣ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሻይ ጋብዙት።