የዌክቦርድ ካምፕ አመራረጥ፦ ከፎቶው በፊት ደቂቃውን ጠይቁ

የመጀመሪያውን ካምፕ የመረጥኩት ፎቶ አይቼ ነው። አንድ ልጅ አየር ላይ ተገልብጧል፣ ውሃው ከሥሩ እንደ መስታወት ረግቷል። ከፍዬ ስደርስ አንድ ጀልባና ስምንት ተማሪ ጠበቀኝ። በቀን አንዴ ተራዬ ይደርሳል፣ 15 ደቂቃ። የቀረውን ሰዓት ጀልባ ማቆሚያው ላይ ቁጭ ብዬ ሰው ሲወድቅ አያለሁ። ከዚያ ወዲህ ማንም ስለ ካምፕ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ ገመዱን በቀን ስንት ደቂቃ ትይዛለህ?

ለማያውቀው፣ ዌክቦርድ ሁለት እግርን ሰሌዳ ላይ አስሮ በጀልባ እየተጎተቱ ውሃ ላይ መንሸራተት ነው። ጀልባው ከኋላው የሚተወው ሞገድ መዝለያ ይሆናል። ሐይቅ በሐይቅ የሆነችው የፍሎሪዳዋ ኦርላንዶ የስፖርቱ መናኸሪያ ናት። እኔም የማወራው ስለ እሷ ነው።

1. ለሳምንት ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሰዓት ሞክሩት። ለዚህ ኬብል ፓርክ ይበቃል። እዚያ የሚጎትታችሁ ጀልባ ሳይሆን በማማዎች መካከል የተወጠረ ሽቦ ነው። ጀርመናዊው ብሩኖ ሪክሰን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ነገር ነው፤ ዛሬ ጀርመን ውስጥ ሞልቷል፣ ኦርላንዶም አለ። ጀማሪ ከሆናችሁ በሁለት ማማ መካከል ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰውን ምረጡ። በብዙ ማማዎች ዙሪያ በሚዞረው ትልቁ ሽቦ ላይ ከወደቃችሁ ዋኝታችሁ ወጥታችሁ፣ ሰሌዳ ተሸክማችሁ በእግር መመለስ አለ።

2. ስልክ ደውሉ። በአንድ ጀልባ ስንት ሰው ነው? ሦስት ወይም አራት ከሆነ ጥሩ። በቀን ስንት ተራ ይደርሰኛል? ሰሌዳና ጫማ ዋጋው ውስጥ አለ? የመጀመሪያው ጀልባ በስንት ሰዓት ይወጣል? ይቺ የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች፤ ግን በሙቀቱ ወራት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ የፍሎሪዳ ከሰዓት መብረቅና ዝናብ አያጣውም። ውሃውም የሚረጋው ጠዋት ነው። መብረቅ ካለ ማንም ውሃ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ያመለጠው ተራ ይካካስ እንደሆነም ጠይቁ።

3. ዋና የማትችሉ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ተማሩ። ላይፍ ጃኬቱ (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ሰደርያ) የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ያጸደቀው መሆኑን መለያው ላይ እዩ። ቀጫጭኖቹና የሚያምሩት የውድድር ጃኬቶች ብዙ ጊዜ ይህ የላቸውም። በፍሎሪዳ ሕግ ከነጂው ሌላ የሚጎተተውን የሚያይ ሰው፣ ወይም ወደ ኋላ የሚያሳይ ሰፊ መስታወት ጀልባው ላይ መኖር አለበት። እኔ ሰው ያለበትን ነው የምመርጠው። መስታወት አይጮህም።

4. የመጀመሪያው ቀን መነሳት ብቻ ነው። የትኛው እግር ፊት እንደሚሆን ካላወቃችሁ፣ ጓደኛችሁ ሳታስቡት ከኋላ ገፋ ያድርጋችሁ። ቀድሞ የሚዘረጋው እግር የፊቱ ነው። ውሃ ውስጥ ጉልበታችሁን ደረታችሁ ላይ አጥፉ፣ ክንዳችሁን ዘርጉ፣ ከዚያ ምንም አታድርጉ። ከባዱ ይህ ነው። ገመዱ ሲወጠር ሰው መታገል ይፈልጋል። እጀታውን ወደ ደረት መሳብ በጀርባ ይጥላል፤ ቸኩሎ መቆም ደግሞ በፊት ይደፋል። ቁጢጥ እንዳላችሁ ጠብቁ፣ ጀልባው ራሱ ያነሳችኋል። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ቀና በሉ፣ እጀታውን ወገባችሁ አጠገብ አቆዩት። እኔ ሰባት ጊዜ ሐይቁን ጠጥቼ በስምንተኛው ተነሳሁ። ማታ ክንዴ ዝሎ እንጀራ መቁረስ አቃተኝ።

5. ጀልባው ላይ ያለው ሰው አይሰማችሁም፣ በእጅ ተነጋገሩ። አውራ ጣት ወደ ላይ ፍጥነት ጨምር፣ ወደ ታች ቀንስ፣ ራስን መታ መታ ማድረግ ወደ ማቆሚያው መልሰኝ ነው። ከወደቃችሁ በኋላ ደህና ከሆናችሁ እጃችሁን አንሡ።

አዞስ? ሁሉም ይጠይቃል። የፍሎሪዳ ሐይቆች የአዞ ዘመድ የሆነው አሊጌተር አላቸው። በብዛት የሚንቀሳቀሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ በጨለማ ውሃ ውስጥ አትግቡ።

በመጨረሻዎቹ ቀናት አሠልጣኙ ሊያዘልላችሁ ይፈልግ ይሆናል። ሞገዱን ከግራም ከቀኝም ሳትወድቁ መሻገር ካልቻላችሁ፣ «ገና ነኝ» በሉትና የቀራችሁን ደቂቃ መሻገሩ ላይ ጨርሱት።