መጽሐፉ አልነበብ ሲል፦ የታብሌትና የኪንድል ችግርና መፍትሄ ለድሬዳዋና ለሐረር አንባቢ

ብዙ ሰው መሣሪያውን የሚቀይረው ፋይሉ ስላስቸገረው ነው። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ወርደው ሌላ ከመምረጥዎ በፊት ምልክቱን ይዩ።

«በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ይደረድራል።» መሣሪያው የግዕዝ ፎንት የለውም። አንድሮይድ ታብሌት ላይ እምብዛም አያጋጥምም፤ የቆየ ኪንድል (የአማዞን መጽሐፍ ማንበቢያ) ላይ ግን ይታያል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የተባሉትን ፎንቶች ያውርዱ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ኪንድሉን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው ፎንቱን «ፎንትስ» (fonts) ወደሚለው ፎልደር ይገልብጡ፣ ከዚያ መጽሐፉን ከፍተው ከፊደል ምርጫው ላይ ይምረጡት። ኮቦ በሚባለው ሌላ የመጽሐፍ ማንበቢያ ላይ ፎልደሩን ራስዎ ይፈጥሩታል። ፎልደሩ የሌለው አሮጌ ኪንድል ከሆነ ካሊበር በሚባለው ነጻ ፕሮግራም መጽሐፉን ኤዚደብሊው3 (AZW3) ወደሚባለው የኪንድል ፋይል ዓይነት ሲቀይሩ ፎንቱን እዚያው ውስጥ ይክተቱት።

ሳጥን ሳይሆን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ ከመጣ በሽታው ሌላ ነው። ጽሑፉ የተተየበው በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ አማርኛ በሣሉት በድሮዎቹ ፎንቶች ነው፤ ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ (መሣሪያዎች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ ነው) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ ላይ ከላይ ያሉትን ፎንቶች መጫን ምንም አይፈይድም። የላከልዎት ሰው ወደ ዩኒኮድ ቀይሮ ወይም ፎንቱን ያቀፈ ፒዲኤፍ አድርጎ ይላክልዎ።

«ፒዲኤፉ ይከፈታል፣ ግን ዓይን ያጠፋል።» ትልቁ ችግር ይሄ ነው። ስካን የተደረገ መጽሐፍ የገጽ ፎቶ ስለሆነ ፊደሉን ለብቻው ማጉላት አይቻልም። የኤ4 ወርድ 21 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የ6 ኢንች ስክሪን ደግሞ 9 ገደማ፤ በ12 መጠን የተተየበ ፊደል ወደ 5 ይወርዳል ማለት ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ይሄን አይችልም፦ ሉና ሊን የሚለያቸው ትንሿ ጭረት የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ነው። ስክሪኑን ሲያጋድሙት የፊደሉ መጠን 7 ይደርሳል። ባዶውን ጠርዝ በሁለቱም በኩል 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢቆርጡት ደግሞ 9 ይሆናል፣ ያኔ ይነበባል። ንባብዎ በአብዛኛው ስካን ከሆነ ግን 6 ኢንች አይግዙ፤ 10 ኢንች ታብሌት ይያዙ። ሻጩ «ፒዲኤፍ ይከፍታል?» ሲባል አዎ ይላል፣ ውሸትም አይደለም። ስለዚህ የራስዎን ፋይል በፍላሽ ወይም በስልክ ይዘው ሄደው እዚያው ይክፈቱት።

«ኢፐብ በገመድ ገልብጬ አይታይም።» ኢፐብ (EPUB) የተለመደ የኢ-መጽሐፍ ፋይል ዓይነት ነው፤ ኪንድል ግን በቀጥታ አይከፍተውም። በካሊበር ወደ ኤዚደብሊው3 ይቀይሩት።

«ይግላል፣ ይደበዝዛል፣ ቻርጅ አልቀበል ይላል።» ኪንድልም አይፓድም የተሠሩት እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ለሚደርስ አካባቢ ነው። ድሬ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከዚያ ታልፋለች፤ ሐረርን ከፍታዋ ይታደጋታል። ሽፋኑን አውልቀው ማታ ወይም ማለዳ ቻርጅ ያድርጉ፣ ቀን ቀን ከባጃጅ መስታወት ሥር አይተዉት። ፍሪጅ ውስጥ ለማቀዝቀዝ የሚሞክር አለ፤ እርጥበት ውስጡ ይቋጥራል፣ ተዉት። የስክሪኑ ጠርዝ ከፍሬሙ ብድግ ካለ ባትሪው አብጧል፤ ሳይጫኑት፣ ቻርጅም ሳይሰኩ ለጠጋኝ ይስጡ። ደጅ ለሚያነብ ሰው ታብሌት አይመችም፦ ፀሐይ ላይ የራስን ፊት ያሳያል፣ ብርሃኑን ሙሉ ሲያደርጉት ደግሞ ይብስ ይግላል። የኪንድልና የመሰሎቹ ኢ-ኢንክ ስክሪን ግን ፀሐይ ላይ እንደ ወረቀት ይነበባል።

«ባትሪው ሳምንት የሚቆየው በአንድ ቀን አለቀ።» ብዙ መጽሐፍ በአንዴ ከጫኑ ኪንድሉ ለፍለጋ እያንዳንዱን እያገላበጠ ነው፤ አንድ የተበላሸ ፋይል ካለ እዚያው ላይ ይቀራል። መፈለጊያው ላይ ትርጉም የሌለው ቃል ይጻፉ፣ ገና ያልተገላበጡትን ይዘረዝርልዎታል። ያን ፋይል አጥፍተው እንደገና ይጫኑት፣ ዋይፋዩንም ይዝጉ። ጭራሽ ደርቆ ከቀረ የማብሪያ ቁልፉን 40 ሴኮንድ ተጭነው ይቆዩ።

«ገመዱ ካልተደገፈ ቻርጅ አያደርግም።» ከመጠገንዎ በፊት አቧራ ይጠርጥሩ። መሣሪያውን አጥፍተው በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብለው ያውጡ፤ መርፌ አይጠቀሙ።

ያገለገለ ሲገዙ ኪንድሉ ከቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን፣ አይፓዱም የባለቤቱን የይለፍ ቃል አለመጠየቁን ሳይከፍሉ ያረጋግጡ። በርካሽ 512 ጂቢ የሚል ታብሌት ካዩ ደግሞ የተጻፈው መጠን እውነት መሆኑን ለማወቅ አንድ ትልቅ ቪዲዮ ደጋግመው እየገለበጡ ይሙሉትና መጨረሻ የገባውን ከፍተው ይዩ።