ከጉቶ ደን፣ ከደን ካርቦን፦ የተራቆተን ተራራ ሳይተክሉ መመለስ

በዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ድርድር ላይ ስለ ታዳጊ አገሮች ድርሻ ሲወራ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ፋብሪካና መኪና ነው። ኢትዮጵያን በመሰለ አገር ግን አብዛኛው ልቀት የሚመጣው ከከብት፣ ከእርሻና ከደን ምንጣሮ ነው። ርካሹ መፍትሔም እዚያው መሬት ላይ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም ችግኝ አያስፈልገውም።

ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በአብዛኛው ከጉቶ በወጣ ቡቃያ ነው የለማው። ሥራውን 7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት በእርዳታ ድርጅቱ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ ያዙት። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ በኪዮቶ ስምምነት የንጹህ ልማት ስልት፣ ማለትም በታዳጊ አገር የተቀነሰን ልቀት ለበለጸጉ አገሮች ለመሸጥ በሚያስችለው አሠራር፣ ተመዘገበ፤ ከካርቦኑ ከፊሉን ለመግዛት የተዋዋለው የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ነበር።

መጀመሪያ ጉቶ ቁጠሩ

20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ ቦታ በገመድ ከልላችሁ በሕይወት ያለውን ጉቶ ቁጠሩ። የጉቶውን ልጥ በቢላ ጫር ስታደርጉት ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕያው ነው። በየቦታው 16 ካገኛችሁ በሄክታር 400 ማለት ነው፤ እኛ በዚህ ላይ ገንዘብ አውጥተን አንተክልም። 4 እና ከዚያ በታች ከሆነ ክፍተቱን በችግኝ ሙሉት። ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳናና አብዛኛው ግራር ከጉቶ ያቆጠቁጣል። ጽድ ግን ከተቆረጠ አይመለስም፤ የጽድ ጉቶ አትቁጠሩ።

ከገጀራው በፊት ደንቡ

ቡቃያውን የሚገድለው ድርቅ ሳይሆን ፍየል ነው። ስለዚህ ማን ሣር ያጭዳል፣ በየትኛው ወር፣ ከብት ያስገባ ስንት ይቀጣል የሚለው ነገር መተዳደሪያ ደንብ ላይ ተጽፎ በጎጡ ስብሰባ ይጽደቅ። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን በባለቤትነት ዓይነትነት ያውቀዋል፤ የይዞታ ማረጋገጫው በማኅበሩ ስም እስካልወጣ ድረስ ግን የካርቦን ገዥ አያናግራችሁም።

ከብቱ ከተከለለው ቦታ ወጥቶ የት እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ወስኑ። ወደ ጎረቤት ደን ከተነዳ በካርቦን ሒሳቡ እዚያ የጠፋው ዛፍ እናንተ ካለማችሁት ላይ ይቀነሳል። አጭዶ ማብላት ዋናው መፍትሔ ነው፤ በከለላ ውስጥ ሣሩ ከዛፉ ቀድሞ ስለሚመጣ ገበሬውን የሚያሳምነውም እሱ ነው።

አገራረዙ

በበጋ፣ ዝናቡ ሳይጀምር ግረዙ። አንድ ጉቶ ሃያም ሠላሳም ቀንበጥ ሊያወጣ ይችላል። ከመሬት ቀረብ ብለው የወጡትን፣ ቀጥ ያሉትንና ወፈር ያሉትን ከ3 እስከ 5 አስቀርታችሁ ሌላውን አንሱ። ከቀሩት ላይ የጎን ቅርንጫፉን ከቁመቱ እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ አጽዱ፤ ከዚያ ካለፋችሁ አናቱ ይከብድና ግንዱ ይጎብጣል። የተሳለ መጋዝ ወይም ገጀራ ይዛችሁ ከታች ወደ ላይ ቁረጡ። ከላይ ወደ ታች ከመታችሁት ልጡ እየተገነጠለ ይወርዳል፣ በቁስሉም በሽታ ይገባል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከመጀመሪያው አንድ ግንድ ብቻ በማስቀረት ነው። እሱን ነፋስ ወይም በሬ ከሰበረው ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል። በየዓመቱ አንዳንድ እየቀነሱ መሄድ ይሻላል፤ የሚቀነሰውም ማገዶ ይሆናል። በየሦስትና አራት ወሩ እየተመለሳችሁ አዲስ የወጣውን ቀንበጥ አንሱ።

ልኬት

የደኑን ካርቦን ለማስላት ናሙና የሚወሰደው 12.62 ሜትር ሬዲየስ ካለው ክብ ነው፤ ስፋቱ 500 ካሬ ሜትር ይሆናል። ዳገት ላይ ይህ ርቀት በአግድም መለካት አለበት። በየ100 ሜትሩ 30 ሜትር በሚወጣ ተዳፋት ላይ ገመዱን ወደ ላይና ወደ ታች ስትዘረጉ 13.18 ሜትር አድርጉት።

የዛፉን ዙሪያ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ለኩ፤ በዳገት በኩል ቆማችሁ። ከዚያ በታች የተከፈለ ከሆነ እያንዳንዱ ግንድ ለብቻው ይመዘገባል። ዙሪያው 47 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለ3.14 ስታካፍሉት ዲያሜትሩ 15 ይሆናል። ቁመቱ 8 ሜትር፣ የእንጨቱ እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 0.6 ግራም ነው እንበል። በሐሩር አገሮች በሰፊው በሚሠራበት ቀመር እፍጋቱን በዲያሜትሩ ካሬና በቁመቱ ታባዛላችሁ፤ 1,080 ይመጣል። ይህን ወደ 0.976 ኃይል ከፍ አድርጋችሁ በ0.0673 ስታባዙት ወደ 61.5 ኪሎ ደረቅ ክብደት ታገኛላችሁ። በ0.47 ካባዛችሁት ካርቦኑ፣ እንደገና በ3.67 ካባዛችሁት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ ሥሩን ሳይጨምር 106 ኪሎ ገደማ። መዝጋቢው ዙሪያውን በዲያሜትር ዓምድ ላይ ከጻፈው ውጤቱ ከ9 እጥፍ በላይ ያብጣል። ልኬታችሁን የሚመረምረው ገለልተኛ አረጋጋጭ በመጀመሪያው ቀን ያገኘዋል፣ ከዚያ በኋላ የትኛውንም ቁጥራችሁን አያምንም።

ሽያጩ

ሦስት ነገር ትጠየቃላችሁ። ቦታው ከሥራው በፊት ደን አልነበረም? በኢትዮጵያ ትርጉም ደን ማለት ቢያንስ 0.5 ሄክታር፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የዛፍ ሽፋን ያለው ነው። ለገበያው ተብሎ የተመነጠረ አይደለም? ያለ ካርቦኑ ገንዘብ ሥራው አይሠራም ነበር? የመጨረሻው የሚረጋገጠው ከሥራው በፊት በተጻፈ ቃለ ጉባኤና ቀን ባለው ፎቶ ነው። ደኑ ካደገ በኋላ የሚዘጋጅ ማስረጃ ዋጋ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2015 ከጸደቀው የፓሪስ ስምምነት ወዲህ ደግሞ አንድ ቶን የተቀነሰ ልቀት ሁለት ጊዜ አይቆጠርም። መንግሥት በስምምነቱ አንቀጽ 6 መሠረት ለሌላ አገር እንዲተላለፍ ከፈቀደ፣ ያ ቶን ከኢትዮጵያ የራሷ የልቀት ቅነሳ ቃል ኪዳን ሒሳብ ይወጣል። ስለዚህ ገዥው የመንግሥት ፈቃድ ያለበት ክሬዲት (የሚሸጥ የአንድ ቶን ማስረጃ) ነው ወይስ የሌለበት የሚፈልገው? ዋጋው ስለሚለያይ ከውሉ በፊት ይጠየቅ።

ገቢውን አታጋንኑት። ለሁምቦ የታሰበው በ30 ዓመት 880,000 ቶን ነበር፤ በሄክታር በዓመት 11 ቶን ገደማ ማለት ነው። ቶኑ በ5 ዶላር ቢሸጥ ለሄክታር 54 ዶላር አካባቢ ይደርሳል፣ ያውም የአረጋጋጭና የልኬት ወጪ ሳይነሳለት። የጥበቃ ደመወዝ በሣሩና በማገዶው ገቢ ይሸፈን። ውሉ ላይ ደግሞ ደኑ በእሳት ቢጎዳ የተሸጠውን ቶን የሚተካው ማን እንደሆነ የሚናገር አንቀጽ ፈልጉ፤ ማኅበሩ ከሆነ አትፈርሙ።