የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ከሰፈር ዳቦ ቤትና ጁስ ቤት ጋር ለመስራት ምታስቡ ካላችሁ

ሎጂስቲክስ፣ ሰፕላይ ቼይን፣ ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ምናምን ምትማሩ ልጆች የመመረቂያ ሰሞን ሲደርስ ርዕሱ ሁሉ ጅቡቲ ወደብና ሞጆ ደረቅ ወደብ ይሆናል። ርዕሱ አሪፍ ነው ግን ዳታ አይገኝም፣ ደብዳቤ ይዛችሁ ቢሮ ለቢሮ ስትመላለሱ "ኃላፊው ስብሰባ ናቸው" ስትባሉ ሴሚስተሩ ያልቅና መጨረሻ ላይ መጠይቅ በትናችሁ "በጣም እስማማለሁ" ያለውን ቆጥራችሁ ትወጣላችሁ። ከግቢው በር ወጣ ብሎ ያለው ዳቦ ቤት ውስጥ ግን ያው የአቅርቦት ችግር አለ፣ እዛ ደሞ በአይናችሁ አይታችሁት መፍትሄውንም መሞከር ትችላላችሁ።

መጀመሪያ አገባባችሁን አሳምሩ። በሰው ግቡ፣ ሁሌ ዳቦ ምትገዙበት ቤት ቢሆን ደሞ የተሻለ። ማህተም ያለው ወረቀት ዘርግቶ "ጋሼ በቀን ስንት ይሸጣሉ?" ሚል ልጅ ገቢዎች የላከው ነው ሚመስለው፣ እውነቱን ማንም አይነግራችሁም። የትብብር ደብዳቤው ቦርሳ ውስጥ ይሁንና ሲጠየቅ ይውጣ። ዋናው ዘዴ ግን ብር ጭራሽ አለመጠየቅ ነው፣ ሁሉን ነገር በኩንታል፣ በኪሎ፣ በሳጥን ጠይቁ፣ ለናንተም ሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው፣ ብሩን ቢፈልጉ ራሳቸው ያሰሉት።

ሌላው "ችግርዎ ምንድነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ዶላር ነው፣ ኑሮ ነው፣ ነዳጅ ነው፣ ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ደሞ ሁሉም ነገር ወደዛ ነው ሚጠቀለለው፣ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም ግን እናንተ ዶላር ላይ ምታደርጉት ነገር የለም። ይልቅ "ባለፈው ሳምንት ምን አልቆባችሁ ደንበኛ መለሳችሁ? ምንስ ተበላሽቶ ጣላችሁ?" በሉ። በነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ፕሮጀክታችሁን ታገኙታላችሁ።

ከዛ መቁጠር ነው። አንድ ወረቀት፣ አራት መስመር፦ የገባ፣ የወጣ፣ የተጣለ፣ ጠይቆ አጥቶ የሄደ ሰው። ካሸሯ አጠገብ በምስማር ይሰቀልና በጭረት ትሙላው፣ ለሷ ኤክሴል አትስጧት፣ ሰልፍ ተሰልፎባት ማን ስልክ ያወጣል። የመጨረሻዋ መስመር ብዙ ጊዜ ትረሳለች ግን ዋናዋ እሷ ናት፣ ምክንያቱም የተሸጠውን ብቻ ከቆጠራችሁ በ5 ሰዓት ዳቦ ያለቀበት ቀን "ፍላጎት ቀንሷል" ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ሰው እኮ መጥቶ አጥቶ ነው የተመለሰው። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉና ጎኑ ላይ ረቡዕና አርብ፣ ጾም፣ በዓል፣ ደሞዝ ሰሞን ብላችሁ ምልክት አድርጉ፣ ካፌ ከሆነ ደሞ ይሄ ግዴታ ነው፣ የወተት ሽያጭ ሚወጣ ሚወርደው በጾሙ ነው። የድሮ መዝገብ የለንም ካሏችሁ የዱቤ ደብተሩ አለ፣ ለአከፋፋዩ የከፈሉበት የቴሌብር መልእክትም አለ፣ አስፈቅዳችሁ ቀኑን ብቻ ገልብጡ።

አሁን ወደ ስሌቱ። እንበልና ዳቦ ቤቱ በቀን በአማካይ 2 ኩንታል ዱቄት ይጨርሳል፣ ሲበዛበት 3። ዱቄት ካዘዘ በኋላ ብዙ ጊዜ በ2 ቀን ይመጣለታል፣ ሲከፋ በ4 ቀን። በአማካይ ካሰባችሁ 2 በ2፣ 4 ኩንታል ሲቀር ይደውል ማለት ነው፣ በልምድ እንደዛ ሚያረግ ዳቦ ቤት ዱቄት ቢያልቅበት አይገርምም። ክፉውን ቀን ከክፉው መዘግየት ጋር ካሰባችሁ 3 በ4፣ 12 ኩንታል ይሆናል። መሀል ላይ ያለው 8 ኩንታል መጠባበቂያ ነው። ይሄንን ባለቤቱን ስሌት ማስተማር አይጠበቅባችሁም፣ ጆንያው ሚደረደርበት ግድግዳ ላይ 12 ኩንታል ሚደርስበት ቦታ ቀይ መስመር በቀለም አስምሩ፣ ክምሩ ከመስመሩ ዝቅ ሲል ይደወላል፣ በቃ።

እዚህ ጋ ግን ባለቤቱ "8 ኩንታል ዝም ብሎ ተቀምጦ ብሬን ይያዝብኝ?" ይላል፣ ልክ ነው። ስለዚ መጠባበቂያውን መጨመር ሳይሆን መዘግየቱን መቀነስ ነው የፕሮጀክቱ ጣፋጭ ክፍል። ለምንድነው አንዳንዴ 4 ቀን ሚፈጀው? አከፋፋዩ ጋ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ አይሱዙው በናንተ ሰፈር መስመር ጭነቱ እስኪሞላ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል፣ እንደዛ ከሆነ ጎረቤት ያሉ ሁለት ሶስት ዳቦ ቤቶች በአንድ ቀን ቢያዝዙ መኪናው ቶሎ ሞልቶ ይወጣል። ተፎካካሪ ናቸው አይተባበሩም እንዳትሉ፣ አንድ ዕቁብ ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ከሆኑ የዕቁቡን ዳኛ ካሳመናችሁ ግማሹን ጨረሳችሁ። ብቻ ቀድሞ መነጋገር ያለበት ነገር አለ፣ ብሩ ማን እጅ ይገባል፣ የረጠበ ወይ የተቀደደ ጆንያ ቢመጣ ለማን ይደርሳል።

ጁስ ቤት ከሆነ ቀዩ መስመር አይሰራም። አቮካዶ እንደ ዱቄት አይቆለልም፣ ጥሬ ሆኖ ይገባና ሁሉም በአንድ ቀን ይበስላል፣ ሰኞ የለም እሮብ ይጣላል። እዚህ ሚታዘዘው በኪሎ ብቻ ሳይሆን በብስለት ነው፦ ግማሹ ዛሬ ሚጨመቅ፣ ግማሹ ጠንካራ። ጠንካራውን ለነገ ምትፈልጉትን ያህል ብቻ ከበሰለ ሙዝ ጋር ካርቶን ውስጥ ዝጉት፣ ሙዙ ሚያወጣው ኤቲሊን ሚባል ጋዝ ያፈጥነዋል፣ የቀረውን ነፋስ ሚያገኝበት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ለብቻው አኑሩት። ትራንስፖርቱንም አስቡት፣ አትክልት ተራ ከፒያሳ በ2012 በኮሮና ጊዜ ወደ ጃንሜዳ ሄዶ ከዛ ሃይሌ ጋርመንት ከገባ በኋላ አራት ኪሎ አካባቢ ላለ ጁስ ቤት መንገዱ ሌላ ሆኗል፣ ሰው የመኪና ላለመክፈል አንዴ ብዙ ይገዛና ይበላሽበታል። የተጣለው ኪሎ ሲደመር ከመኪናው ይበልጣል ወይስ ያንሳል ሚለውን ቆጥራችሁ ብታሳዩት ብቻ አንድ ምዕራፍ ይወጣችኋል።

ቡድናችሁ ውስጥ ኮድ ሚጽፍ ልጅ ካለ "አፕ እንስራ" ማለቱ አይቀርም። ተዉት ባካችሁ። እናንተ ተመርቃችሁ ስትሄዱ ፓስወርዱ አብሯችሁ ነው ሚሄደው።

መፍትሄውን ካስገባችሁ በኋላ ያንኑ ወረቀት ሰቅላችሁ መጀመሪያ የቆጠራችሁትን ያህል ጊዜ ድጋሚ ቁጠሩ። አድቫይዘራችሁ ሚይዛችሁ እዚህ ጋ ነው፦ የመጀመሪያው ቆጠራ ዐቢይ ጾም ላይ ሆኖ ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ ከዋለ ለውጡ የናንተ ይሁን የጾሙ አይለይም፣ ጾሙ ደሞ 55 ቀን ስለሆነ ሴሚስተራችሁን ግማሹን ይበላዋል። ከቻላችሁ ሁለቱንም ቆጠራ ጾም ሳይገባ ጨርሱ፣ ካልሆነላችሁ እጃችሁን ያላስገባችሁበት ሌላ ጁስ ቤት ፈልጋችሁ በዛው ሳምንታት ጎን ለጎን ቁጠሩ፣ እዛም በተመሳሳይ ከተቀየረ የናንተ ስራ አይደለም።