የኮርቬት የኤሌክትሪክ ብልሽት፦ ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት ማሳውን ለኩ

ይህን የጻፍኩት ባትሪው ሙሉ መሆኑን፣ ፊውዞቹ አለመቃጠላቸውንና ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መስጠቱን ላረጋገጠ ሰው ነው፤ እነዚህን ያላየ ሰው መጀመሪያ እነሱን አይቶ ይመለስ። እኔ በምሠራበት በሰሜን ቨርጂኒያ በየክረምቱ በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ጨዉ ከጎማ ሥር እየተረጨ በፍሬሙ (በመኪናው የብረት አጽም) ላይ የታሰሩትን የማሳ ብሎኖች ይበላቸዋል፤ ማሳ ማለት ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት መንገድ ነው፤ ባለቤቱ የሚያየው ግን ዝገቱን ሳይሆን ዳሽቦርዱ ላይ የሚደረደረውን ማስጠንቀቂያ ነው። መኪናው እኔ ዘንድ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰበት በኋላ ስለሆነና ብልሽቱ ግን በጥቂት ደቂቃ ልኬት የሚታወቅ ስለሆነ አካሄዱን በዝርዝር አስቀምጣለሁ።

ኮርቬት፣ የሼቭሮሌው የስፖርት መኪና፣ ከሌላው መኪና የሚለየው በአካሉ ነው። ከ1953 ጀምሮ አካሉ የሚሠራው ከቆርቆሮ ሳይሆን ከፋይበርግላስና ከመሰል ቅይጥ ነው። የቆርቆሮ አካል ባለው መኪና ላይ የአንድን መብራት ማሳ በአቅራቢያው ካለው ብረት ጋር ማሰር ይበቃል፤ ፋይበርግላስ ግን ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ እያንዳንዱ መብራት፣ እያንዳንዱ ፓምፕና እያንዳንዱ ኮምፒውተር በጥቁር ሽቦ እስከ ብረቱ ፍሬም ድረስ መድረስ አለበት። እነዚህ ጥቁር ሽቦዎች ደግሞ ብዙዎቹ ተሰብስበው በአንድ ብሎን ሥር ይታሰራሉ። ስለዚህ አንድ ብሎን ሲዝግ እርስ በርስ ምንም ዝምድና የሌላቸው ሦስት አራት ዕቃዎች በአንድ ሰሞን ይታመማሉ፤ ትልቁም ፍንጭ ይኸው ነው። ሎተስ ኤሊዝም በአሉሚኒየም ሻንሲ ላይ የፋይበርግላስ አካል የለበሰ በመሆኑ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ለእሱም ይሠራል።

ሞተሪኖው እየደከመ ሲዞር

ባትሪው አዲስ ሆኖ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሹ ሞተር) እያቃሰተ የሚዞር ከሆነ በሞተሩና በፍሬሙ መካከል ያለውን የማሳ ገመድ ጠርጥሩ። ሞተሪኖ ሲነሳ 150 አምፔርና ከዚያም በላይ ይስባል፤ በመንገዱ ላይ 0.02 ኦም ብቻ የሚሆን ዝገት ቢኖር 3 ቮልት እዚያው ይቀራል ማለት ነው። የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ አድርጋችሁ ቁልፉን ሌላ ሰው ያዙርላችሁ፤ ንባቡ ከ0.2 ቮልት በላይ ከሆነ ገመዱ ወይም ጫፎቹ ታመዋል። ከ1984 እስከ 1996 በተሠሩት ላይ አንድ ተጨማሪ ምልክት አለ። የሞተሩ ማሳ ጨርሶ ሲቋረጥ ኤሌክትሪኩ በነዳጅ መስጫው የብረት ገመድ በኩል ለመመለስ ይሞክራል፤ ገመዱ ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ በመጨረሻም ነዳጅ መስጫው ተጭኖ ሊቀር ይችላል። ገመዱን ስትነኩት ከሞቀ መኪናውን አትንዱት።

ፍሬን ሲረገጥ የኋላ መብራት ሲጠፋ

ይህን ምልክት ያየ ሰው አምፖል ይቀይራል፤ ሁለተኛ ይቀይራል፤ ከዚያ ተስፋ ይቆርጣል። የኋላው አምፖል ሁለት ክሮች አሉት፤ አንዱ ለማታ መብራት፣ ሌላው ለፍሬን፤ ሁለቱም የሚጋሩት አንድ ማሳ ነው። ማሳው ሲቋረጥ የፍሬኑ ኤሌክትሪክ ወደ ፍሬም መሄጃ ስለሚያጣ በማታው ክር በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ በሌሎቹ አምፖሎች ማሳ ይፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ቀን ላይ ፍሬን ስትረግጡ የዳሽቦርዱ መብራት ደብዘዝ ብሎ ሲበራ ታያላችሁ። ማታ መብራቱ በርቶ ሳለ ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ በአምፖሉ ሁለት ጫፎች 12 ቮልት ስለሚገናኝ አምፖሉ ጨርሶ ይጠፋል። ፍሬቻ ሲሰጥ ሌላ መብራት አብሮ የሚርገበገበውም በዚሁ ምክንያት ነው። መፍትሔው አምፖል አይደለም፤ የአምፖሉን ቤት ማጽዳትና ከእሱ የሚወጣውን ጥቁር ሽቦ እስከ ፍሬሙ ድረስ መከተል ነው።

ማስጠንቀቂያዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲበሩ

ሰዎችን ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣቸው ይህ ነው፤ በተለይ ከ1997 እስከ 2004 በተሠራው አምስተኛው ትውልድ ላይ። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) እና የመንሸራተት መቆጣጠሪያ ማስጠንቀቂያ አብረው ይበራሉ፤ የጌጆቹ ቀስቶች ይዘላሉ ወይም ይወድቃሉ፤ የፊት መብራቱ አንዱ ዓይን ተከፍቶ ሌላው ይቀራል፤ ከዚያ መኪናው ቆሞ ሲነሳ ሁሉም ነገር ምንም እንዳልተፈጠረ ይሆናል። ይህ መምጣትና መሄድ ነው ሰውን የሚያሳስተው፤ የተቃጠለ ኮምፒውተር በዝናብ ቀን ታሞ በደረቅ ቀን አይድንም።

ምክንያቱን መረዳት ያስፈልጋል። በዚህ መኪና ውስጥ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በአንድ ሽቦ ነው፤ መልእክቱም የሚጻፈው በ0 እና በ7 ቮልት መካከል በመውጣትና በመውረድ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ይህን ቮልት የሚለካው ከራሱ ማሳ አንጻር ነው። የአንዱ ማሳ ዝጎ የሞተሩ ማራገቢያ ወይም የፊት መብራቱ ሞተር በተነሳ ቁጥር 1 ቮልት ከፍ የሚል ከሆነ ያ ኮምፒውተር የሚሰማው ቋንቋ ሌሎቹ ከሚናገሩት ይለያል። ሴንሰሮቹም በ5 ቮልት የሚሠሩ ስለሆኑ ከነሱ ላይ ግማሽ ቮልት መሳሳት ቀላል ነገር አይደለም። ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው፤ የቆመበት መሬት ግን ይዋዥቃል።

በዚህ ትውልድ ላይ ኮምፒውተሮቹ የሚመዘግቡትን የብልሽት ኮድ ለማንበብ ስካነር አያስፈልግም። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉ፤ ሪሴትን ተጭናችሁ በማሳያው ላይ ያለውን መልእክት አጥፉ፤ ኦፕሽንስ የሚለውን ይዛችሁ ፊውል የሚለውን 4 ጊዜ ተጫኑ። ከኮዱ ጋር ሲ ፊደል ካለ ብልሽቱ አሁንም አለ ማለት ነው፤ ኤች ካለ ያለፈ ታሪክ ነው። በዩ የሚጀምሩ ኮዶች መገናኛው መቋረጡን ይናገራሉ፤ ከሦስትና ከአራት ኮምፒውተሮች የዩ ኮድ አብሮ ከመጣ እጃችሁን ከኮምፒውተሮቹ ላይ አንሡና ቴስተሩን አምጡ። ኮዶቹን ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ሁሉንም በወረቀት ጻፉ፤ ተደምስሶ የመጣልኝ መኪና ሁልጊዜ ሁለት እጥፍ ጊዜ ይወስድብኛል።

ታክሲ እየነዱ ልጆቻቸውን ያስተማሩና ጡረታ ሲወጡ የ2001 ኮርቬት የገዙ አንድ አባት ከሌላ ጋራዥ መኪናቸውን ይዘው መጡ። የኤቢኤሱ ኮምፒውተር ተቀይሯል፣ ባትሪው ተቀይሯል፣ ማስጠንቀቂያው ግን አልጠፋም። «ጋሼ፣ የፊቱን መብራትና ማራገቢያውን ያብሩልኝ» አልኳቸው። «ልጄ፣ ኮምፒውተሩን እኮ ባለፈው ወር ነው የቀየርነው» አሉኝ። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ከፊት በኩል በፍሬሙ ላይ ከታሰረው ጥቁር ሽቦ ጫፍ ላይ አሳረፍኩት፤ 0.91 ቮልት አነበበ። ሽቦውን በጣቴ ገፋ ሳደርገው ወደ 0.4 ወርዶ ተመለሰ። ብሎኑን ስፈታ ከቀለበቱ ሥር አረንጓዴ ዱቄት ነበር፤ ከዱቄቱ ሥር ደግሞ ጥቁር ቀለም። ከዚህ በፊት አንድ ሰው ፍሬሙን ከዝገት ለመከላከል ቀብቶ ቀለበቱን በቀለሙ ላይ መልሶ አስሮት ነበር። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ መኪናው እስከዚያ ቀን የኖረው በብሎኑ ጥርስ በኩል በሚያልፈው ብቻ ነው። አጽድቼ ሳስረው 0.03 ሆነ።

ሌላው መኪና የባሰ ነበር። አንድ ሠራተኛ አዲስ የማሳ ሽቦ ዘርግቶ ጫፉን በቪስ ያሰረው በፋይበርግላሱ ላይ ነው። ሥራው ከውጭ ሲታይ ንጹሕ ነበር፤ ሽቦው አዲስ፣ ቪሱ የሚያብረቀርቅ፤ ግን የትም አይደርስም። በዚህ መኪና ላይ ሽቦ የምታስሩበትን ነገር መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉበት፤ ማግኔቱ ካልያዘው አትሰሩበት። አሉሚኒየሙን ሞተር ግን ማግኔት ባይዘውም ይሠራል፤ እሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና።

አለካክና አስተሳሰር

በኦም መለኪያ አትመኑ። 40 ክር ካለው ገመድ 39ኙ ተበጥሰው አንዱ ቢቀር ቴስተሩ 0 ኦም ይላችኋል፤ የሚልከው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ስለሆነ አንድ ክር ይበቃዋል። መለካት ያለበት መብራቱ፣ ማራገቢያውና የኋላ መስታወት ማሞቂያው ሁሉ በርተው በቮልት ነው፤ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ እያንዳንዱ የማሳ ብሎን፣ ከዚያም እስከ ቀለበቱ፣ ከዚያም እስከ ሽቦው። ከ0.1 ቮልት በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ለኮምፒውተርና ለሴንሰር ማሳ ከ0.05 በላይ አልቀበልም። ቁጥሩ የዘለለበት ቦታ ነው የታመመው።

ከመፍታታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ አንሡ፤ የኤርባጉ ኮምፒውተር የያዘውን ኃይል እስኪያፈስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከ2005 ጀምሮ ባለው ስድስተኛው ትውልድ ላይ በሮቹ የሚከፈቱት በኤሌክትሪክ ስለሆነ ቁልፉን መኪናው ውስጥ አትተዉ።

የዛገውን ብሎን በኃይል አትፍቱ፤ ዘይት አጠጡትና አሳድሩት፤ የፍሬሙ ጥርስ ከተበላ ሥራው በሰዓት ሳይሆን በቀን ይሆናል። ከዚያ አራቱንም ነገሮች አጽዱ፤ ቀለበቱን በሁለቱም ፊት፣ ሮንዴላውን፣ የብሎኑን ጥርስና ፍሬሙን። በብርጭቆ ወረቀትና በብረት ብሩሽ የሚያብረቀርቅ ባዶ ብረት እስኪታይ ድረስ ፈግፍጉ፤ ግን ከቀለበቱ ስፋት ብዙ አትለፉ፤ በግራይንደር መዓት ቀለም ማንሳት ለሚቀጥለው ክረምት አዲስ ዝገት መዝራት ነው። ብረት ለብረት፣ ደረቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ለ6 ሚሊሜትር ብሎን ወደ 10 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል። ቅባት የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ከላይ ነው። የሲሊኮን ቅባት ኤሌክትሪክ የሚከለክል ነገር ነው፤ በቀለበቱና በፍሬሙ መካከል አታስገቡት።

የቀለበቱ ራሱ ጥራት ላይ አትደራደሩ። በርካሽ የሚሸጠው ቀለበት ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ ብረት ነው፤ ማግኔት ከያዘው ጣሉት። የባትሪ ገመድም እንዲሁ፤ ጫፉን በቢላ ፋቁት፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም መዳብ ለብሶ ነው የሸጡላችሁ፤ እንዲህ ያለ ገመድ ከመዳብ ያነሰ ያስተላልፋል፣ ጫፉም ቶሎ ይበላል። ቀለበቱን በፒንሳ ጨፍልቃችሁ አትመኑት፤ በትክክለኛው መጭመቂያ አስገቡትና በሙቀት የሚጠብቅ ባለ ሙጫ ሽፋን አልብሱት።

የባትሪው ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ባትሪው ከጎን የሚታሰር ከሆነ ጥርሱ ቀጭን ነው፤ 15 ኒውተን ሜትር በቂው ነው። ብሎኑን በረዥም ቁልፍ አክርረው የሚያስሩት ሰዎች የእርሳሱን ጥርስ ከፕላስቲኩ ያላቅቁታል፤ በዚያ በኩል አሲድ ይንጠባጠባል። በአምስተኛው ትውልድ ላይ ከባትሪው ሥር ያለው ደግሞ የሞተሩ ዋና ኮምፒውተርና የሽቦዎቹ ጥቅል ነው። በጎን በኩል ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ ባትሪውን አውጡ፤ ከሥሩ ያለውን በባትሪ መብራት እዩ፤ አሲዱን በቤኪንግ ሶዳና በውሃ አጥቡ። የተሰነጠቀ ባትሪ መልሳችሁ አትሰሩ፤ ለአንድ ሳምንትም ቢሆን።

የተጓዥ እግር ማሳረፊያ ምንጣፍ እርጥብ ከሆነ የአካሉ ኮምፒውተርና ፊውዝ ቤቱ እዚያው ስለሆኑ ከማሳው በፊት ውሃው የሚገባበትን ፈልጉ። የቁልፍ ቤቱ ውስጣዊ መገናኛ ሲያረጅ ማሳ የጠፋ ያስመስላል፤ ቁልፉን ገፋ ስታደርጉት ዳሽቦርዱ ከተለወጠ እሱ ነው። በር ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ የሚመጣ ብልሽት በማጠፊያው ውስጥ የተበጠሰ ሽቦ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ያንኑ ልኬት በዚያው ጭነት ድገሙት፤ ቁጥሩንና ቀኑን በኮፈኑ ሥር በማይለቅ ብዕር ጻፉት። ከዚያም ጨው መበተን ሲቆም፣ በሚያዝያ አካባቢ፣ የፍሬሙን ሥር በውሃ አጥባችሁ እንደገና ለኩ። የእኚያ አባት መኪና በሁለተኛው ዓመት 0.05 አነበበ፤ ብሎኑን ፈትቼ አጽድቼ አሰርኩት፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም ተብሎ የተገዛው የኤቢኤስ ኮምፒውተር መኪናው ላይ ቀረ፤ ጤነኛው የድሮው ግን እስካሁን በካርቶን ከጋራዣቸው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።